ግጥሙን ትተው ዜማውን የወሰዱት የአቶ አበባው ገብረ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ጽፎት ነበር። አስከሬኑን ከአዲስ አበባ ይዘው የመጡት የሙያ ጓደኞቻቸው፣ ታላቅ እህታቸው እኔ ብርነሽ በሕይወት እያለሁ፣ «ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው፣ ምኑን ያስታውሱታል» ብለው ሳይጠይቁኝ አሳትመው መጡ። ሳስነብበው «በሥራ ብዛት ምክንያት አገራቸውን ለማየት አልታደሉም» ይላል። ውሸት ነው። እኔ ልናገር፣ የልጅ ልጄ ፅጌረዳ ትጻፍ፤ የሚነበበውም ይኸኛው ነው።

አቶ አበባው ከአባታቸው ከቄስ ገብረ ሥላሴ ዓለምነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግስት ጣሰው በስማዳ ወረዳ በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። በስድስት ዓመት እበልጣቸዋለሁ። በጀርባዬ ያዘልሁትን ሰው «አንቱ» ማለት ለአፌ አይመቸውም፤ ለአደባባይ ግን ይገባቸዋል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ድጓ እንዲማሩ ጋይንት ቤተ ልሔም ተላኩ። ዜማ አልከበዳቸውም። ነገር ግን በገበያ ቀን ንፋስ መውጫ እየሄዱ ከነጋዴው ከጀላል ሱቅ ራዲዮ ሲሰሙ መዋል ለመዱ። በ1958 ዓ.ም. ድጓውን ትተው አዲስ አበባ ገቡ፤ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ተቀጥረው ትራምፔትና ኖታ ተማሩ። ወይዘሮ ካሣነሽን አግብተው አዲሱንና ህይወትን ወለዱ።

በ1970 ዓ.ም. አሥራ አራት ሰው ያለበት የራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ዘፋኝ አልነበረውም። ሰው እራቱን እየበላ፣ ወጉን ሳያቋርጥ የሚሰማው ለስላሳ ሙዚቃ ነበር። ከስድሳ በላይ ድርሰት አላቸው። ሙዚቀኞቻቸውን «የጎረቤትህ ድምፅ ካልተሰማህ አንተ ጮኸሃል ማለት ነው» ይሏቸው ነበር አሉ። ይህን የሰማሁት ትናንት ነው። እኔማ የቄስ ልጅ አዝማሪ ሆነ እንዳይባል ፈርቼ፣ ሰው ሲጠይቀኝ «ወንድሜ የመንግሥት ጸሐፊ ነው» እያልሁ ኖርሁ።

በ1979 ዓ.ም. እናታችን ዐረፉ። አቶ አበባውም ሦስት ሙዚቀኞች አስከትለው ለቅሶ መጡ፤ መሣሪያ አልያዙም። የአገሩ ሙሾ አውራጅ እኔ ነበርሁ፣ ከእስቴ እስከ ጋይንት የምጠራ። እሳቸው መሐል ገብተው ሲያለቅሱ፣ እናቴን የምጠራ መስዬ እንዲህ ብዬ አወረድሁ፦

ድጓ ይማር ብለሽ ደብር የላክሽው ልጅ፣
ሲነፋ ከረመ ከመሸተኛ ደጅ።

ለቅሶተኛው ሁሉ ተቀበለኝ። ተራ ስድብ ቢሆን ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቅ ነበር፤ ሙሾን ግን ማን ይመልሰዋል? ሰው ይይዘዋል። ገበሬው ያዘው፣ ገበያተኛው ያዘው። አቶ አበባው አንድ ጊዜ አዩኝና ሣልስቱን ሳይጠብቁ ሄዱ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልተመለሱም። የሥራ ብዛት አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመካነ ኢየሱስ በአውቶቡስ ስመለስ፣ ራዲዮው ቃል የሌለው ዜማ ያጫውታል። የኔ ሙሾ ነው! ትንፋሽ የወሰድሁበት ቦታ ሳይቀር። ስድቡን ጥለው፣ የእናታችንን ለቅሶ ብቻ አስቀርተው፣ ለቫዮሊን ሰጥተውታል። ሾፌሩ «እማማ፣ ይኼ እንቅልፍ ነው የሚያመጣ፣ ልቀይረው?» አለኝ። «እጅህን ሰብስብ!» አልሁት። ሲያልቅ ራዲዮው «ድርሰት፣ አበባው ገብረ ሥላሴ» አለ። ያን ቀን መልእክት መላክ ይገባኝ ነበር። ታላቅ ነኝ፣ እሱ ይምጣ ብዬ ተቀመጥሁ። ይኸው መጡ።

አቶ አበባው በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። ከእናታቸው አጠገብ ቅበሩኝ ብለው የተናዘዙት ራሳቸው ናቸው። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። እኔን ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ዜማው አይናገርም።

አንቺ ታደለች፣ ዛሬ ሙሾ የምታወርጅው አንቺ ነሽ፤ ያስተማርሁሽም እኔ ነኝ። ሟቹን አወድሰሽ ስትጨርሽ ወደኔ ዙሪ። በስሜ ጥሪኝ። ያደረግሁትን ሕዝቡ ይዞት ወደ ቤቱ እንዲገባ አድርገሽ ግጠሚው። አሮጊት ናት ብለሽ እንዳትራሪልኝ።