ከዳውድ ደጅ የተነቀለው ድንጋይ

ውድ እማማ ውብነሽ፣

ዳሌዎ እንዴት ሰነበተ? የእኔን ከጠየቁ አፌ ደህና ነው፤ ሌላውም ይከተለዋል።

ይህን የጻፈው ማነው ብለው ወረቀቱን አገላብጠው ሳያዩ አይቀሩም። እኔ ነኝ፣ አሰግድ፣ ጫማ ሰፊው። ማንም አልጻፈልኝም። በጸሎት አዳራሻችን ማታ ማታ ፊደል የምታስተምረን ዶርቃ ላግዝህ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ሰው አይታገዝም። ተማሪዎቹ ሦስት ነን፣ አንዷም ብዙ ጊዜ ትቀራለች፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። ሱቄ ተቀምጠው የጀርመኑን ወረቀት እየተረጎሙ ሲያነቡልኝ «አፍህ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ዓይንህ ገና ሀ ሁ አልጀመረም» ይሉኝ አልነበር? እኔ ደግሞ በምላሹ የሰው ጫማ አነብልዎ ነበር። በውጪ በኩል ያለቀ ተረከዝ፣ ኩሩ ሰው። ፊቱ የተላጠ፣ ችኩል። አንድ ቀን የራስዎን ጫማ አስነበቡኝና «ይህች ሴት የትም አትሄድም፣ ሰው ሲሄድ ታያለች» ብልዎ በጃንጥላ መቱኝ።

ስልክ አይሻልም ነበር ወይ ይሉኝ ይሆናል። ደወልኩ እኮ! ሁለቴ ዘጉብኝ። በሦስተኛው የልጅ ልጅዎ መሲ አንስታ «ኦማ ሽሌፍት» አለችኝ፣ ተኝታለች ማለቷ ነው። ከኋላዋ ግን «ተኝታለች በይው!» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። በእንቅልፍዎ እንዲህ ጥርት አድርገው እንደሚናገሩ አላውቅም ነበር። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ስለዚህ በልጅዎ በእታገኝ እጅ ልኬዋለሁ።

በሁለተኛው ስልክ ከመዝጋትዎ በፊት «መንገዱ ሳይሠራ እግሬን ከእታገኝ ሰፈር ከጻይልስሃይም አላነሳም» ብለዋል። መልካም። ወድቀው ዳሌዎን የሰበሩበትን የመንገዳችንን ነገር ከሥሩ ልንገርዎት። እኔ ራሴ የገባኝ በቅርቡ ነው፤ ነገር በቅርብ የገባው ሰው ደግሞ ዝም ማለት አይችልም።

መንገዳችን ላይ ያሉት የሕንፃና የሱቅ ባለቤቶች ማኅበር እንዳላቸው ያውቃሉ፤ ፌራይኑ የምንለው። ባለንብረት የሆነ ሁሉ ያዋጣል፤ በመዋጮው ደጅ ይጠረጋል፣ መብራት ይሰቀላል፣ አበባ ይተከላል። ያለፈው ዘመን መዋጮ አበባው ላይ አለቀ። አበባው፣ ይመስገነው፣ አድጓል። የተነቀለው ድንጋዩ ነው።

አሁን የማኅበሩ ዘመን አብቅቶ ይታደስ ወይስ ይፍረስ የሚባልበት ጊዜ ደርሷል። ሽታቱ፣ ያው የከተማው አስተዳደር፣ ያለው ይህን ነው፦ ማኅበራችሁን አድሳችሁ የድርሻችሁን ካዋጣችሁ እኔም የድርሻዬን ጨምሬ የእግረኛውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር እንደ አዲስ አነጥፋለሁ። ካላደሳችሁ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። እድር ይበሉት። ልዩነቱ በዚህኛው የሚቀበረው ጉድጓዱ ራሱ መሆኑ ነው።

አሠራሩ ደግሞ ገራሚ ነው። የተስማማ ሰው ምንም አያደርግም፤ ዝም ካለ ተስማምቷል ይባላል። የማይስማማ ብቻ ተቃውሞውን ጽፎ ያስገባል፤ ተቃዋሚው ከሩብ ካለፈ ማኅበሩ ፈረሰ። እኛ አገር ዝም ያለ ሰው ምን እንዳሰበ እንዲያጣራ ዘመድ ይላካል። እዚህ ዝም ላለ ሰው የሚላከው ሒሳብ ነው።

ተቆጥሮ ሲታይ፣ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ብቻ ቃሉን ቢያነሳ መንገዱ ይሠራል። እስከ ዓርብ ድረስ ማንሳት ይችላል። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ሕንፃቸውን እንጂ ፊታቸውን አይተን የማናውቃቸው ናቸው። በእግር የሚደረስበት አንድ ነው። ዳውድ።

አዎ፣ ሻንጣ ሻጩ ዳውድ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ኖሮ ያችን ሱቅ የገዛት ዳውድ።

እኔ ተከራይ ነኝ፤ ድምፅ የለኝም። መንገዱ ሲሠራ ደግሞ እከስራለሁ። ከቬስትኤንድ ቢሮዎች ለምሳ የሚመጡት ሴቶች ተረከዛቸውን እኛ መንገድ ላይ ሰብረው እኔ ጋ ጥለውት ይመለሳሉ። ያ ጉድጓድ ሸሪኬ ነው ብል ውሸት የለውም። ቢሆንም ተነሳሁ። የተነሳሁት ሱቄ ውስጥ ያለችው ወንበር ባዶ ስለሆነች ነው። ይህን አንዴ ጽፌዋለሁ፤ አልደግመውም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ፍራው ብሬነር ናት፤ መነጽር ቤቷን ያውቁታል። ለዳውድ ወረቀት በወረቀት ላይ ልካ መልስ አጥታለች።

«ሄደሽ ለምን አታናግሪውም?» አልኳት።

«ጽፌለታለሁ እኮ።»

«ፍራው ብሬነር፣ እኛ ዘንድ ልጅ የሚጠየቀው በፖስታ አይደለም።»

«የምን ልጅ?» አለችና ደነገጠች።

ብዙ አስረዳኋት። በመጨረሻ ሽማግሌ ሆነን ልንሄድ ተስማማን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ኣልኣሚን፣ ሽሮና በርበሬ የሚሸጠው ኤርትራዊ ጎረቤታችን፣ በዕድሜም በጢምም ለዚህ የተፈጠረ ሰው። ሦስተኛዋ ፍራው ብሬነር።

«ሴት ሽማግሌ ደግሞ የት አገር አለ?» አለ ኣልኣሚን።

«ጀርመን አገር።»

«ይሁን» አለ፤ «ካልሲ እንኳ ቀይራ ትምጣ፣ ቢጫ ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር አሰብኩ። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው የኔ ነበር ቢልዎ አይመኑት። ዕርቅ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ አይደል የሚሄደው? ድንጋይ ደግሞ መንገዳችን መቼ አጥቶ! ከዳውድ ደጅ ፊት፣ እርስዎ የወደቁበት ቦታ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ይነቃነቃል። ጎንበስ ብዬ አወጣሁትና ጫንቃዬ ላይ አደረግሁት።

ፍራው ብሬነር አመድ መሰለች። «ሄር አሰግድ፣ ይህ የከተማው ንብረት ነው!»

«እመልሰዋለሁ።»

«ፈቃድ አለህ?»

«ትከሻ አለኝ።»

ገባን። ዳውድ ሻንጣ ይወለውላል። ቀና ብሎ ሦስታችንንም አየን፤ ድንጋዩን አየ፤ ጨርቁን አስቀመጠ።

«ሰላም ዐለይኩም፣ ዳውዶ» አለ ኣልኣሚን።

«ወዐለይኩም ሰላም። ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አልኩ፣ ድምፄን አወፍሬ። «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

ፍራው ብሬነር አንዱ ትልቅ ሻንጣ ላይ ዝቅ ልትል ስትል ክንዷን ያዝኩ። ለምን አለችኝ። ከተቀመጥሽ ጉዳያችን አለቀ ማለት ነው አልኳት። ቀጥ አለች፤ የወረቀት ማኅደሯን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ። እውነቱን ለመናገር ከሦስታችን ሽምግልናው ያማረባት እሷ ነበረች።

ንግግሬን ጀመርኩ። ስለ ጉርብትና፣ ስለ አብሮ መኖር፣ ስለ መንገድ ተናገርኩ። ፓስተራችን ቢሰማኝ የእሑዱን ስብከት ይለቅልኝ ነበር። ዳውድ እስክጨርስ ጠበቀ።

«አሰግድ» አለኝ፣ «ድንጋይ የሚሸከመው የበደለ ሰው ነው። አንተ ምን በድለኸኝ ነው?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። «ለማሳመር ነው» አልኩ።

«እንግዲያው አውርደው፤ ትከሻህን አትጉዳ። አንተ አልበደልከኝም።»

ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

«ማነው ታድያ የበደለህ?» አለ ኣልኣሚን።

ዳውድ አንዴ ከጀመረ አልቆመም። «እማማ ውብነሽ የወደቁ ቀን አምቡላንሱ ጥጉን ሳይዞር ሰዉ ምን አየ? ውጭ የደረደርኳቸውን ሻንጣዎች። የዳውድ ሻንጣ አሮጊቷን ጣለ ተባለ። ፀጉር ቤት ተባለ፣ ዳቦ ቤት ተባለ። በዚያው ሳምንት ከማኅበሩ ወረቀት መጣ፣ ዕቃህን ወደ ውስጥ አስገባ የሚል። ስለ ድንጋዩ አንድ ቃል የለውም፣ ወላሂ አንድ ቃል! አሁን ደግሞ አዋጣ ይሉኛል። ለማን? ሳይጠይቀኝ ለፈረደብኝ?»

ፍራው ብሬነር ምን አለ አለችኝ። ዳውድ ራሱ በጀርመንኛ ደገመላት፤ በጀርመንኛ ሲሆን አጠረ፣ ግን አልለሰለሰም። ማኅደሯን ከደረቷ አወረደች። «ያንን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ልቀመጥ አላለችም።

«ሆስፒታልስ ለምን አልጠየቅሃቸውም?» አልኩት።

«ምን ብዬ ልግባ? ሻንጣዬ ሰበረዎ፣ እንኩ ብርቱካን ልበል? እሳቸውም እንደ ሰዉ አስበው ፊታቸውን ቢያዞሩብኝስ?» ጨርቁን አነሳና የተወለወለውን ሻንጣ እንደገና ይወለውል ጀመር።

እማማ፣ ዳውድ አልጠየቀኝም ብለው እንዳኮረፉ እታገኝ ነግራኛለች። ለምን እንዳልጠየቀዎ አሁን አወቁ። እርስዎ ሲወድቁ እኔ ከሱቄ ኋላ መዶሻ እመታ ነበር፤ የደረስኩት ከወደቁ በኋላ ነው። በምን እንደወደቁ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ በወቅቱ ደግሞ የሚጠይቅዎ አልነበረም፣ ሁሉም ኮት ሊያለብስዎ ይሻማ ነበር።

መልሱን ስንጠይቀው ዳውድ «ከቤተሰብ ልማከር። በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» አለን። በወጉ ይህ ያማረ መልስ ነው። ልጁን ሊድር የፈለገ ሰው በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ልጁን ያረክሳል። እኔና ኣልኣሚን ተያይተን ፈገግ አልን። ደጅ እንደወጣን ግን ፍራው ብሬነር «እንግዲህ እምቢ አለ» አለች።

«እሺ አለ እንጂ!»

«ቀኑ የሚያልቀው ዓርብ ነው። እሱ ያለው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ይህ እምቢ ነው።»

ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ይህ ነው የከፋው። ብቻዬን ተመልሼ ገባሁ። «ዳውድ፣ ወጉን አሳጥረው። ቀኑ ዓርብ ያልቃል» አልኩት።

«ወግ አላሳጥርም» አለኝ። ቀጠለና፦ «እማማ ደጄ ላይ ይቁሙና በምን እንደወደቁ በሰው ፊት ይናገሩ። ያኔውኑ ተቃውሞዬን አነሳለሁ። ሻንጣህ ነው ቢሉኝም አነሳለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሱቄን ሸጬ ከዚህ ሰፈር እሄዳለሁ። ብቻ ልወቀው።»

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነው። እርስዎ መንገዱ ሳይሠራ አልመጣም አሉ፤ መንገዱ ደግሞ እርስዎ ሳይመጡ አይሠራም። ዶርቃ ስነግራት ቋጠሮ ነው አለችኝ። ጫማ ሰፊ ቋጠሮ አይፈራም፤ ጥርስ አለው።

ጽፌ ልላክለት እንዳይሉ። ዳውድ ወረቀት ጠግቧል። በምን ወደቅሁ ልበል ብለውም አይጠይቁኝ፤ አልነግርዎትም። ድንጋዩ ከሆነ ድንጋዩ ነው፣ ሻንጣው ከሆነ ሻንጣው ነው፣ የራስዎ ጫማ ከሆነም በነፃ እጠግነዋለሁ። የፈለጉትን እውነት ይዘው ይምጡ፣ እውነት ብቻ ይሁን።

ሐሙስ ከሰዓት እታገኝ ሥራ የላትም፤ በመኪናዋ ታመጣዎታለች። «እማዬን ማን ያሳምናታል?» ብላኝ ነበር። ደብዳቤ አልኳት። ሳቀች፤ እርስዎም እዚህ ላይ ቢስቁ ቅር አይለኝም።

መኪናው ከሚቆምበት ጥግ እስከ ዳውድ ደጅ ያለውን መንገድ ያውቁታል። ስለዚህ ተነጋግረን ጨርሰናል፦ ድንጋይ በተነቀለበት ቦታ ሁሉ አንድ አንድ ባለሱቅ ይቆምበታል። ኣልኣሚን ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። ቱርኩ ፀጉር አስተካካይ ሽርጡን እንዳሸረጠ እቆማለሁ ብሏል። ፍራው ብሬነር ውኃ የሚያቁረው ቦታ ላይ ናት፤ ራሷ መረጠችው፣ ቦት ጫማም አላት። ሰው የቆመበትን አይርገጡ፤ ሰው የሌለበት ሁሉ ደህና ነው። ሮላቶርዎን፣ ያን ባለጎማ ምርኩዝዎን፣ ይዘው በመካከላችን ዝም ብለው መግፋት ነው። ለአንድ ከሰዓት ያህል መንገዱ ተሠርቷል ማለት ነው፣ ሽታቱም አንድ ሳንቲም አላወጣበትም።

ሽማግሌ አይቀመጥም ብያለሁ። የእርስዎ ነገር ግን ያሳስበኝ ነበር፤ በዚያ ዳሌ ስንት ይቆማሉ? ወንበርዎን ከሱቄ ላውጣ እያልኩ፣ ይህን እየጻፍኩ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ዳውድ ሻንጣዎቹን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገብቷል። ባንኮኒው ላይ ትቼለት የወጣሁትን ድንጋይ ወደ ቦታው መልሶ በተረከዙ ይመታዋል። አልያዘለትም። ወደ ውስጥ ገባና ወንበር ይዞ ወጣ፤ አራቱ እግሮች ቦታውን እንዲከቡት አድርጎ ድንጋዩ ላይ አቆመው። መንገደኛ ጀርመን ቆም ብሎ ዋጋውን ጠየቀው።

«አይሸጥም» አለው። «ሰው አለው።»

ሐሙስ እንገናኝ። እኔ የምቆመው የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ነው፤ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነው።

አክባሪዎ
አሰግድ
በራሱ እጅ