ፍቅፋቂው በምን ይውጣ

ሰኞ

የብረት ሥራ ቤታችን ባለቤት ሐጂ ሸምሱ ዛሬ ምርጫውን እኔ ላይ ጣሉት። አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን የብረት ሥራ ቤቱን ዘግቶ አገሩ ሊገባ ነው። የብረት ፍቅፋቂ ከቶርኖ ሥር እየጠረጉ የሚያወጡ ሁለት ማጓጓዣዎች አሉት፤ እኛ አንዱን እንወስዳለን። የጭነት መኪናው ሐሙስ ወደ ቡታጅራ ስለሚመለስ እስከ ረቡዕ ቁረጥ አሉኝ። እኔ የማውቀው ቶርኖ ላይ ብረት መላጥ ነው። ማጓጓዣ የሚሉትን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ይህ ሁሉ የመጣው በሽኩር እጅ መጎዳት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ፍቅፋቂ የሚያወጣልን እሱ ነበር። ባለፈው ሳምንት እንደ ምላጭ የተሳለ የፍቅፋቂ ጥቅልል ቀኝ መዳፉን ሰነጠቀው። ሁለት ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል። ሐጂ ሠራተኛው ሁሉ ፊት ሽኩር አልተጠነቀቀም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ማክሰኞ

ጣሊያኑ የላካቸውን ሁለት ሥዕሎች ስገለባብጥ ዋልኩ። አንደኛው በማጠፊያ የተያያዙ የብረት ሳህኖች ናቸው፤ የወደቀባቸውን ተሸክመው ይወጣሉ። ሁለተኛው ሰንሰለት የሚጎትታቸው መፋቂያዎች ናቸው፤ ወለሉን እየፋቁ ይሄዳሉ።

የወፍጮ ዘንግ ስንልጥ ረጅም ጥቅልል ይወጣል። ፑሌጋ፣ የወፍጮ ቀበቶ የሚዞርበትን መንኮራኩር፣ ስንሠራ ደግሞ ብረቱ ተሰባሪ ስለሆነ ዱቄት ነው የሚወጣው። ሳህኑ ጥቅልሉን ይችለዋል፣ ዱቄቱ ግን ማጠፊያው ውስጥ ይገባል። መፋቂያው ዱቄቱን ይወስደዋል፣ ጥቅልሉ ግን ይጠመጠምበታል። ጠዋት ሳህኑን አልኩ። ቀትር ላይ መፋቂያውን። አሁን የቱም አልታየኝም።

ልቤም ሥዕሉ ላይ አልነበረም። ሽኩር የተቆረጠ ቀን ቶርኖው እየዞረ ነበር። ባለ ወፍጮው በር ላይ ቆሞ ዘንጉን ይጠብቃል። ሽኩርን “ሳላቆመው ቶሎ አውጣው” ያልኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ

ሽኩር ቤት ሄድኩ። ከሰው ሁሉ ፍቅፋቂ የሚያውቀው እሱ ነው ብዬ ነው፤ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው። ሚስቱ ራህመት ቆጮና ጎመን አቀረበች። በግራ እጁ መብላት አይወድምና እሷ ታጎርሰዋለች። የማይበት ቦታ ጠፋኝ።

ሥዕሎቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋሁለት። ብዙም አላሰበ።

“ለምን ዱቄቱንና ጥቅልሉን ታደባልቃላችሁ?” አለኝ። “ዱቄት ሰው አይቆርጥም። ፑሌጋውን በኋለኛው ቶርኖ ብቻ ሥራው፣ በአካፋ ይወጣል። ማሽን የሚገዛው ለሚቆርጠው ነው።”

በስድስት ዓመት አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። ስለዚያ ቀን እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። ወጥቼ ለሐጂ ሳህኑን አልኳቸው።

ሐሙስ

ማጓጓዣው በዝናብ ገባ። ስምንት ሆነን አወረድነው። ከሥዕሉ ይበልጣል። ተሳስቼ ይሆን?

ዓርብ

ተከልነው። ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ ቢስሚላህ ብለው አበሩት። ጥቅልሉን ይዞ ወጣና በርሜል ውስጥ ጣለው፤ ሰው አጨበጨበ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ አቃሰተና ቆመ። ሞተሩ እጅ ያቃጥላል። ሳህኖቹን የሚጎትተው ሰንሰለት ላልቷል ብዬ ወጠርኩት፤ ባሰበት። አብሮት የመጣው ወረቀት በጣሊያንኛ ነው።

አንድ ጥቅልል በጎን ተቀርቅሮ አየሁ። እጄን ሰደድኩ። ማጥፊያውን ሳልነካ። ክንዴ እስከ ክርኑ ከገባ በኋላ ነው ማሽኑን አለማጥፋቴን ያስተዋልኩት። ክንዴን አወጣሁና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ

አጥፍቼ፣ ሽቦውን ነቅዬ፣ የታችኛውን ላሜራ ፈታሁ። የድሮ ዘይትና የብረት ዱቄት ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። ጣሊያኑ ለዓመታት ከፍቶት አያውቅም። አንድ ባልዲ ሙሉ ፍቄ አወጣሁ። ሰንሰለቱን በጣት ሲጫኑት ትንሽ እንዲረግብ አድርጌ አላላሁት፤ ለካ እኔው ነኝ አንቄ የያዝኩት። ግሪስ ቀባሁት። እስከ ቀትር አንዴም ሳይቆም ሠራ።

ከዚያ ለሠራተኛው ደንብ ልጽፍ ተነሳሁ። ሥሩ በየቅዳሜው ይጠረግ። ሰንሰለቱ አይወጠር። ፑሌጋ እዚህ አይሠራ። ሳይጠፋ እጅ አይግባ፤ እዚህ ላይ እርሳሱ አልሄድ አለኝ። ሐጂ ቢሮ ገብቼ፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆሜ፣ ያን ቀን ለሽኩር ያልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጠየቁኝ።

“ለሽኩር ነግረኸዋል?”

“አልነገርኩትም።”

“እንግዲያው በእሱ መጀመር ነበረብህ። እኔም አልተጠነቀቀም ያልኩትን ቃል ሰኞ እዚያው ሰው ፊት አነሳለሁ፤ ተሳስቻለሁ እላለሁ።”

እሑድ

ነገርኩት። ቃል በቃል፣ ምንም ሳልቀንስ።

“አውቃለሁ” አለ ሽኩር። “አጠገቤ ሆነህ ነው የተናገርከው፤ አልሰማሁም መሰለህ? እስክትናገር ነው የጠበቅኩት።”

ባልናገርስ ምን ሊያደርግ ነበር? አልጠየቅኩትም። እሱ ግን ስለ ማጓጓዣው ጠየቀኝ። ሥሩ ላይ ስላገኘሁት ግግር ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ በሳምንት አንዴ አይበቃም፣ በየሦስት ቀኑ ይከፈት አለ። ነገ መጥቶ ሊያየው ነው።

ይቅር ብሎኝ ይሁን አላውቅም። ነገ ሐጂ ሲናገሩ ከጎኑ እቆማለሁ። ካላራቀኝ።