«ቦታው እንጂ እርስዎ አልተሰረዙም» ላለኝ ኩባንያ

ይድረስ ለተከበሩ የኩባንያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። እኔ ጉልበቴን ከሚይዘኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከሥራ ያወጣኝም አዲሱ መዋቅር እንጂ በሽታ አይደለም። ላፍቶ ያለውን ትልቁን በርዎን ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ቦጋለ ድንቁ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ቢያስቸግርዎ ይቅርታ፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ሰው ግን አስጽፌ አላውቅም።

አንደኛ፣ ስለ ድልድሉ አመሰግናለሁ። በያዝኩት ሥራ ላይ እንደ አዲስ ተወዳደር ተብዬ ፎርም ሞላሁ። ከመቶው ሠላሳው የቅርብ አለቃ አስተያየት ነው ተባለ። የቅርብ አለቃዬ አቶ ሙሴ፣ አንድ ቀን መኪናቸውን ስለፈተሽኩ ከሠላሳው ሁለት ሰጡኝ። ከመኪናው ውስጥ የኩባንያው ቀለም አራት ጣሳ መገኘቱን ለእርስዎ ክብር ስል እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛ፣ የሰው ኃይሏ ወይዘሪት ፌኔት ስላጽናናችኝ አመሰግናለሁ። በምን ጥፋቴ ብዬ ብጠይቃት «አባባ፣ ቦታው እንጂ እርስዎ አልተሰረዙም» አለችኝ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ እንዲህ በዪ ተብላ ነው። በማግስቱ ቦታውን ሄጄ አየሁት። በሩ እዚያው ቆሟል፣ መኪናው ይገባል ይወጣል። የጎደልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሦስተኛው ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሡኝ። ወደ ግቢ እንዳንገባ ብላችሁ ከሥራ የወጣነውን የአሥራ አራታችንን ፎቶ የለጠፋችሁት፣ የሠራተኛው ዕድር የሟች ፎቶ በሚለጥፍበት ሰሌዳ ላይ ነው። አንድ ቀን ከመኪናዎ ወርደው በዚያ በኩል በእግርዎ ቢያልፉ ኖሮ ይህን ባወቁ ነበር። ከጀሞው መጋዘን ዕቃ ሊጭኑ የመጡ ሠራተኞች ፊቴን ከሩቅ አይተው፣ ጽሑፉን ሳያነቡ ለዕድሩ ደወሉ። ቅዳሜ ጧት ዕድርተኞቹ ድንኳን ተሸክመው ደጄ ደረሱ። ባለቤቴ ብርነሽ ያረፈች ጊዜ ሦስት ቀን ከቤቴ ያልወጣችው የኩባንያው ካፌ ሠራተኛዋ ፀሐይወርቅ እያለቀሰች ስትመጣ፣ በሩን የከፈትኩላት እኔው ነኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ተመልሰው አልሄዱም፤ ድንኳኑን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እስከ ቀትር ተቀመጡ። ለእንዲህ ያለው ምን እንደሚባል የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ሲነሡ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ የላፍቶውን በሬን ይመልሱልኝ። ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ አንዱም መልስ አልመጣለትም። ዛሬም ሳይነጋ እነሣለሁ፣ ካፖርቴን እለብሳለሁ፣ ጫማዬን አሥራለሁ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። ወዴት እንደምሄድ መዋቅሩ ላይ ተጽፎ ከሆነ ቢነግሩኝ።

ረጅም ዕድሜና የማይነቃነቅ ወንበር እየተመኘሁልዎ፣
የዘወትር አክባሪዎ
ቦጋለ ድንቁ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስልዎ መጥቼ ነበር። በእኔ ፈንታ የቆመው ኢሉ አላስገባኝም፤ ዓይኔን ማየት አቅቶት መሬት መሬት እያየ ነው የከለከለኝ። ያለ ባጅ የመጣ አባትህም ቢሆን አታስገባ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝና አልተቀየምኩትም። እንዲህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው መዋቅር ስሙን ከወዲሁ ይያዙት።