ማይክሮፎናቸውን መዝጋት ለረሱት የአመክሮ ቦርድ ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ሃርላን ፕሩዊት፣ የአመክሮ ቦርድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም የምግብ ፍላጎትዎ፣ እንደምን እንዳለ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ላቬል ጊልሪ፣ ነዳጅ ማደያ ዘርፌ የተፈረደብኝና በማረሚያ ቤቱ ልብስ ማጠቢያ የምሠራ እስረኛ፣ ቦርድዎን መብቴን ጥሷል ብዬ በመክሰሴ ቅር መሰኘትዎን ሰምቼ ይህን ጻፍኩ።

አንደኛ፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። ጉዳዬ በቪዲዮ በሚታይበት ዕለት ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ማይክሮፎንዎን መዝጋት ረስተው ኖሮ ድምፅዎ ጥርት ብሎ መጣልኝ። «ቀጥሎ ማነው? ጊልሪ? እሱንም እምቢ በለውና ምሳችንን እንብላ!» አሉ። ባልደረባዎ «ኧረ ሰውዬው ገና አፉን አልከፈተም!» ቢሉዎት፣ «ይክፈታ! ማን ከለከለው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊትዎን ኮስተር አድርገው «አቶ ጊልሪ፣ በጥሞና እናዳምጥዎታለን» አሉኝ። እኔም፣ ምን አማራጭ ነበረኝ፣ መጸጸቴን እያለቀስኩ ተናገርኩ። እርስዎም «አልተፈቀደም» ብለው ለምሳ ተነሡ።

ሁለተኛ፣ እናቴ አርዜላ ያን ቀን ቢሮዎ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ነበር። አመክሮ የተፈቀደለት ሰው በዚያው ዕለት የሚለቀቅ መስሏት ሸሚዜን ተኩሳ በክንዷ ይዛ ነበር። ለምሳ ሲወጡ ቆም ብለው «አይዞዎት እናቴ፣ ልጅዎን በደንብ ሰምተነዋል» ስላሏት ውለታዎን አልረሳም።

ሦስተኛ፣ ጠበቃዎ ለፍርድ ቤቱ «እስረኛ የመለቀቅ መብት ስለሌለው አልተሰማሁም ብሎ መክሰስ አይችልም» ሲሉ መልስ ሰጥተዋል። ዳኛዋ ግን አልተቀበሏቸውም። እርስዎም በበኩልዎ በሁለተኛው ቀጠሮዬ «ቦርዱን መክሰሱ አለመታረሙን ያሳያል» ብለው ዳግም ከለከሉኝ። እንግዲህ ለመታረም ዝም ማለት ነበረብኝ ማለት ነው። እናቴ ዘጠና ሊሞላት ነው፣ እኔም በሕይወት ሳለች ቤቷ መግባት እፈልጋለሁ። ሌላ የደበቅኩት ዓላማ የለኝም።

ምሳዎን ስላዘገየሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለመልካም ጆሮዎ ካለኝ አድናቆት ጋር፣

አክባሪዎ እስረኛ ላቬል ጊልሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ልጄን በደንብ የሰሙ ሰው ብላ ማታ ማታ በስምዎ እየጠራች ትጸልይልዎታለች። በማይክሮፎኑ ያሉትን እኔ አልነገርኳትም። ዳኛዋ የዚያን ቀን የተቀዳው ድምፅ በችሎት እንዲሰማ አዘዋል። እናቴም ሸሚዜን እንደገና ተኩሳ እንደምትመጣና ፊት ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ነግራኛለች።