የተጠማው ሽንት ቤት

ጥቅምት ፭ ቀን ፲፱፻፶፭

ለመቱ ሕዝብ፣ እንዲሁም ለቡሬና ለሁሩሙ ሰው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ! በአማቼ በአቶ ደርበው ቤት የሽንት ቤቱ ውሃ ጎደለ። ዝርዝሩ ይከተላል...

ጣሊያን ትቶት የሄደው የሸክላ መቀመጫ ነው። ሰንሰለቱ ሲሳብ፣ ጣሪያው ሥር ከተሰቀለው የብረት ሳጥን ውሃ ይወርዳል። ጥቂቱ ታች ቀርቶ የጉድጓዱን ሽታ ይዘጋል። አሁን የሚቀረው ስኒ አይሞላም። ሽታው ሳሎን ገብቷል። ደርበው ቢሮ ማምሸት ወዷል።

ለጎረቤቴ ለኦቦ በዳሳ ነገርኩት። «ያ ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ኢሉባቦር ውስጥ የተጠማ ነገር ያንተ ሽንት ቤት ብቻ ነው!» አለኝ። ሳጥኑን የሚሞላው የጣሪያ በርሜል እኮ በዝናብ ጢም ብሏል... ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?

ጥቅምት ፮

አስካለማርያም አለቀሰች። የልጅ ልጄ። የቡሬውን ኦላናን ትወዳለች። ሽማግሌ ልኮ ነበር፣ እኛም እሺ ብለናል። የቀረው እናቱ ወይዘሮ ዘውደነሽ ናቸው፤ እሑድ ቤታችንን ሊያዩ ይመጣሉ። ለታላቅ ልጃቸው የታጨችውን «ጓዳዋ ሸተተኝ» ብለው ያስቀሩ ሴት!

«አባባ፣ ቢሸታቸውስ?»

«እኔ ነኝ እላለሁ።»

ሳቀች። ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

ጥቅምት ፯

ደርበው ሽቦ ከትቶ ሲጎረጉር ዋለ። «ሸክላው ተሰንጥቋል፣ አለቀለት» ብሎ ፈረደ። እኔ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበትና የቆመበትን ቦታ በከሰል ምልክት አደረግሁ። እስከ ነገ ማንም እንዳይነካ! ቤተሰቡ በሙሉ ወደ በዳሳ ጓሮ ተሰደደ።

ጥቅምት ፰

ውሃው ከከሰሉ ንቅንቅ አላለም። ሸክላው ደህና ነው! ሰንሰለቱን ሳብኩ... ውሃው ሄደ፣ የተመለሰው ጥቂት። እንግዲህ ጥፋቱ ከላይ ነው።

መሰላል አስጠጋሁ። ጉልበቴ ተቃወመ፤ አልሰማሁትም። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት የመዳብ ኳስ አለች፤ ውሃው ሲሞላ ተንሳፍፋ ቧንቧውን ትዘጋለች። ከሥሯ የሆነ ነገር ተሰንቅሮ ወደ ላይ ደግፏታል። ሳጥኑ ግማሽ ሳይደርስ ሞላሁ ትላለች፣ ውሸታም። መዝዤ አወጣሁት። ቆርቆሮ ነው፣ አፉ በኮባ ቅጠል የታሰረ። ፈታሁት...

ቅቤ!

የልጄ የፈትለወርቅ ቅቤ። እየቆነጠርኩ አናቴን ስለምቀባበት የት እንደደበቀችው ስፈልግ ነው የሰነበትኩት። ለካ እጄ የማይደርስበት፣ ከቤቱ ሁሉ የሚቀዘቅዝ ቦታ አግኝታለች!

«ፈቱ!»

መጣች። መሰላሉን አየች፣ ቆርቆሮውን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባባ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ! ለእሑድ ዶሮ ያለኝ ቅቤ ይኸው ብቻ ነው!»

ውሃው ንጹሕ የዝናብ ውሃ፣ ክዳኑም ጥብቅ ነው። ግን ይህን ለወይዘሮ ዘውደነሽ ማን ያስረዳል?

«ዝም እላለሁ። ግን አናቴ ደርቋል...»

«እቀባዎታለሁ!»

ጥቅምት ፱

ኳሷ ነፃ ወጣች። ውሃው ከሰሉ ድረስ ሞላ። ሽታ የለም። ደርበው «ምን ነበር?» አለኝ። «እንቁራሪት» አልኩት። አመነኝ! እስቲ አሳዩኝ እንኳ አላለም።

ጥቅምት ፲፩

መጡ። ገና ሳይቀመጡ ሽንት ቤቱን ጠየቁ። ገቡ... ቆዩ። አስካለ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። ሰንሰለቱ ጮኸ። ወጡና ተቀመጡ። ዶሮው ቀረበ። ጎረሱና እጃቸውን ገታ አደረጉ።

«ፈትለወርቅ፣ ይኼ ቅቤ እንዴት ጣዕሙ ሳይለወጥ ቆየ? የት ነው የምታስቀምጪው?»

የፈትለወርቅ ጭልፋ አየር ላይ ቀረ።

«ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ወይዘሮ» አልኩ እኔ። «ውሃ እየወረደ ያቀዘቅዘዋል።»

«ፏፏቴ አጠገብ?»

«እንደዚያ በሉት።»

«ምነው እኔም እንዲህ ያለ ቦታ ባገኘሁ!» አሉ። ፈትለወርቅ ወደ ጓዳ ሮጠች። ትሳቅ ታልቅስ እንጃ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ጥቅምት ፲፪

ፈትለወርቅ ማለዳ መጥታ አናቴን ቀባችኝ። ሳልጠይቃት! ቅቤው አሁን መደርደሪያ ላይ በግልጽ ተቀምጧል። አስካለ ከነጋ እየዘፈነች ነው።

የትናንቱን መልሼ አነበብኩት። አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ። ወይዘሮ ዘውደነሽ «ምነው እኔም ባገኘሁ» አላሉም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ያሉት ይህን ነው፤ «ኳሷን እንዳይነካ ወደ ጥግ አድርጉት። የእኔም መጀመሪያ እንዲሁ ሆኖ ነበር።»

ከዚያ እሳቸውም በማርያም ያዙኝ።