የደሴታችን አይጦች ዘር ማንዘር

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ዳምጠው፤ በጣና ደሴት፤

አባዬ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎስ? ያ ሌሊት ሌሊት የሚነሣብዎ ሳል ተሻለዎት? ክረምቱ ማሳውን ሳያጥለቀልቅ አለፈ? ከሁሉ በላይ ዓይንዎ እንዴት ነው? ወንድሜ ንዋይ በስልክ «ሲመሽ ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ሐኪሙም ብርሃናቸው ከዓመት አይዘልቅም ብሏቸዋል» ብሎኛል። እኔ ልጅዎ ማንያህልሻል እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ ከመምህር ግዛው በቀር ማንም እንዳያነብልዎ ለንዋይ አጥብቄ ነግሬዋለሁ። አሁን ድምፃቸውን ሲሰሙ ፊትዎን እንዳዞሩ አውቃለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ደጃችንን ያልረገጡ ሰው ምን ሊሠሩ ገቡ ብለው በልብዎ እየረገሙኝም ይሆናል። ግን የእኔ ደብዳቤ ሲመጣ ከማንም አፍ ቢሆን ሳይሰሙ እንደማያድሩ ስለማውቅ በዚሁ በኩል ገባሁ። ይህን ተንኮል ከማን እንደወረስኩት እርስዎ አያጡትም። መምህር፣ እርስዎም ስለ ራስዎ የተጻፈ ሲያገኙ ዘለው እንዳያልፉ አደራ እልዎታለሁ።

ጁባ ሰው በሰው ሆናለች። በጥር ሕዝቡ ስለ ነጻነቱ ድምፅ ሊሰጥ ስለሆነ፣ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ካርቱምም ወደ እኛም አገር የተሰደዱት አልጋቸውን ጭምር ተሸክመው ይመለሳሉ። እኔ አሁንም እዚያው የእርዳታ ድርጅቱ የእህል መጋዘን ውስጥ ነኝ። ባለፈው ዓመት ግን ዶክተር ሒሩት የምትባል የአገራችን ልጅ ለጥናት መጣችና ሥራዬ ላይ ሌላ ሥራ ተጨመረ። እሷ የምታጠናው የአይጥ ዘር ነው። ይስቁ እንጂ፣ እኔም ስቄ ነበር።

ከከተማው ፊት ለፊት ወንዙ መሐል ደሴት አለ፤ አይጠ መጎጡ ማሽላውን ፈጅቶ ሰዉን አስመርሮታል። ዶክተሯ እንደምትለው፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅና መንገዱ ሳይዘጋ ያለውን ብቻ ቢገድሉት በሁለተኛው ዓመት ሌላው ይተካል። ታዲያ ከቢሮው ጀልባ የማይፈራ ሰው ሲፈለግ እኔን ሰጧት።

መጀመሪያ ቀን ስንሻገር ባለጀልባው ላዶ «ማማ፣ ማታ ካፉ» አለኝ፤ አትፍሪ ማለቱ ነው። ታንኳ ላይ ያደግሁ መሆኔን በምን ያውቃል። ዳር ላይ የበቀለው ደንገል ሲሸተኝ ግን ጁባ መሆኔን ረሳሁት። ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ ወደብ እህል ጭነን ስንመለስ፣ እርስዎ ቆመው ሲቀዝፉ፣ እኔ ጆንያው ላይ ተጋድሜ ጣቴን ውሃ ውስጥ ስነክር፣ «ጉማሬ የሴት ልጅ ጣት ነው የሚወደው» እያሉ ሲያስፈራሩኝ ታየኝ። ዳር ስንደርስ መምህር ግዛው የገበጣውን ጠጠር ደርድረው ይጠብቁዎት ነበር። እህሉ ሳይራገፍ ትቀመጡና እማዬ ሁለታችሁንም ትቆጣችኋለች። እርስዎ መሸነፍዎን ሲያዩ አንዲት ጠጠር በመዳፍዎ ይሰውሩ ነበር፤ መምህርም እያዩ ዝም ይሉ ነበር። አባዬ፣ እኔን የሚናፍቀኝ አገሩ ብቻ አይደለም፤ ያ ማታ ነው።

ከዚያ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ያ ክፉ ዓመት መጣ። አይጠ መጎጡ ጎተራችንን ገለበጠው፤ ለዘር እንኳ አልተረፈም። እርስዎም በሰንበቴው ፊት ተነሥተው «ከባሕር ዳር በመጽሐፍ ሳጥኑ ይዞብን የመጣው ይህ መምህር ነው» አሉ። የራበው ሰው የሚቆጣበት ይፈልጋልና ሁሉም አመነ። ልጆች እንኳ መንገድ ላይ «አይጦ» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። መምህርም በራቸውን ዘጉ።

እዚህ ደሴት ላይም እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት። ከካርቱም የተመለሱ አንዲት ባልቴት ናቸው በዕቃቸው አይጥ ያመጡት ተብሎ፣ ሴቶቹ አብረዋቸው ውሃ አይቀዱም። ለብቻቸው ባልዲ ይዘው ሲወርዱ ባየሁ ጊዜ መምህር ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ዶክተር ሒሩት ግን ወሬ አትሰማም። ከእያንዳንዱ አይጥ ጭራ ጫፉን ቆርጣ አልኮል ውስጥ ትከትና ወደ ላቦራቶሪ ትልካለች። አይጥ ሁሉ ከእናቱ የሚወርሰው የዘር ምልክት አለው አለችኝ። ወደ ደሴት የሚሻገሩት ጥቂት እናቶች ስለሆኑ ልጅ ልጆቻቸው አንድ ዓይነት ምልክት ይይዛሉ፤ ያው ምልክት በየትኛው ወደብ እንዳለ ሲታይ የመጡበት ይታወቃል። ውጤቱ ሲመጣ የደሴቱ አይጦች በየጊዜው ከጁባ መጋዘኖች የተሻገሩ ሆነው ተገኙ። የእኔው መጋዘን አይጦችም ዘመዶቻቸው ነበሩ። ባልቴቲቱ ዘንድ ሄጄ ስነግራቸው እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

ከፋሲካ በኋላ ንዋይን የአይጥ ጭራ ላክልኝ እያልኩ የነዘነዝኩት ለዚህ ነው። ከእኛ ቤት፣ ከመምህር ቤት፣ ከቁንዝላና ከባሕር ዳር ወደብ ሰብስቦ በአረቄ ነክሮ ላከልኝ። እርስዎ «ለአይጥ ጭራ አረቄ ማጠጣት ጀመራችሁ?» ብለው ቤቱን እንደቀወጡት ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ምክንያቱን ያልነገርኩዎ መልሱን ሳልይዝ ላስቀይምዎ ስላልፈለግሁ ነው።

አሁን መልሱ መጥቷል። በደሴታችን ሁለት የእናት ዘር አለ። አንደኛው፣ ጥቂቱ፣ የባሕር ዳሮቹ ዘመድ ነው። ሌላው፣ በእኛም በመምህርም ቤት የሞላው፣ የቁንዝላዎቹ ነው። ዘር እየቆየ ሲሄድ ይለያያልና፣ ይኸኛው እርስ በርሱ ብዙ ስለተለያየ ቀድሞ የገባው እሱ ሳይሆን አይቀርም ትላለች ዶክተሯ። ጭራው ጥቂት ስለሆነ እርግጠኛ ነኝ አትልም፤ ዓመቱንና ታንኳውንም አይጥ አይናገርም። ነገር ግን አባዬ፣ በዚያ ዘመን ከቁንዝላ እህል የሚያመላልስ የማን ታንኳ እንደነበር እኔና እርስዎ እናውቃለን።

ይህን የምጽፈው እርስዎን ለመክሰስ አይደለም። እኛን ሊያበሉ ሌሊቱን ሲቀዝፉ ከጆንያ ሥር የተደበቀውን ማን ያያል? እርስዎ የሚጠብቁት እኔ ውሃ ውስጥ እንዳልወድቅ ነበር እንጂ አይጥን አልነበረም። እኔን የሚቆጨኝ ባዶው ጎተራ አይደለም፤ እሱስ በሁለተኛው ዓመት ሞላ። ገበጣው ነው የሚቆጨኝ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እስክትሞት ድረስ በጓሮ በኩል ለመምህር ዓሣ ትልክላቸው ነበር፤ እርስዎም አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ይህንንም እኔ እንደማውቅ ይወቁልኝ። ንዋይ እንደሚለው ዛሬም ሁለታችሁ ሲመሽ ወደቡ ላይ በየድንጋያችሁ ለየብቻ ተቀምጣችሁ አንድ ውሃ ታያላችሁ። እኔ የምፈራው ብርሃንዎ ጨርሶ ሳይሄድ የወዳጅዎን ፊት ሳያዩት እንዳይቀሩ ነው። አይጡን ከማምጣታችን በላይ እሱ ይጸጽተኛል።

ንዋይን ይሳሙልኝ፤ ስለ ጭራው ድካሙ እግዚአብሔር ይስጠው። ባለቤቱን የኔነሽን በጣም ናፍቀሽኛል ብላለች ይበሉልኝ። ልጃቸው ትንሿ ቤተል ጥርሷን ነቀለች ወይ? ጉንጯን ይሳሙልኝ። ሰንበቴውን በሙሉ እጅ ነሥቻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ እነሱም ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ከዚህ በታች የተጻፈ የለም። መምህር፣ ወረቀቱን አጥፈው ለአባቴ ይስጧቸው፤ ለመሄድ ግን አይነሡ። አባዬ፣ ከዚህ ወዲያ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።

ልጅዎ ማንያህልሻል ዳምጠው
ጁባ፣ ሃይ ማላካል
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.