ቢሮው እንዳይደውል ያስተማሩን ዶን ኤውሴቢዮ ታማራ ዐረፉ

ከኤል ሬታማል የወተት አምራቾች ማኅበር፤ ለሠራተኞቻችን፣ ለአባሎቻችንና ለወዳጆቻችን ሁሉ

የወተት መኪና ሾፌራችን፣ ኋላም የጉዞ ደኅንነት ኃላፊያችን የነበሩት ዶን ኤውሴቢዮ ታማራ ባደረባቸው የልብ ሕመም ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ማኅበራችን በጣም አዝኗል፤ ለወጉ ያህል የምንለው አይደለም።

ዶን ኤውሴቢዮ በቦያካ ተራሮች ሃያ ስድስት ዓመት ወተት አመላልሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሾፌራችን ኦርላንዶ ፒራቺካን እየነዳ ስልኩን ሲያነሳ ገደል ገብቶ ሞተ። ሁሉም እሱን ወቀሰ። ዶን ኤውሴቢዮ ግን ቢሮ ገብተው፣ «የደወለለት ማነው? እኛው አይደለን እንዴ! ‹የት ደረስክ፣ የት ደረስክ› እያልን የምንጨቀጭቀው!» አሉ። መራራ ነበር፤ እውነት ግን ነበር።

በ2012 ቢሮው በጉዞ ላይ ላለ ሾፌር እንዳይደውል ደንብ አስወጡ። ሾፌሩ ራሱ በየወተት መሰብሰቢያው መኪናውን አቁሞ ይደውላል። ደንበኞች «ዘገየብን» ብለው ሲጮኹ፣ «ወተቱ ቢረጋ አይብ ይሆናል፤ ሰውስ?» ይሏቸው ነበር።

በ2014 የሾፌሮች ጠባቂ በሆነችው በካርሜን እመቤታችን በዓል፣ ቄሱ እንደ ልማዳችን መኪኖቹን ጸበል ሲረጩ፣ ዶን ኤውሴቢዮ የቢሮውን ስልክ ታቅፈው ወጡ። «አባ፣ ይቺንም ይርጩልን፤ ዋናዋ ኃጢአተኛ እሷ ናት!» ቢሉ ግቢው በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትረጫለች። ደንቡ ከወጣ ጀምሮ አንድም ሾፌር መንገድ ላይ አላጣንም።

ባረፉበት ጠዋት ልጃቸው ኑቢያ የእኛኑ መኪና ይዛ ቁልቁለቱ ላይ ነበረች። ባለቤታቸው ዶኛ ግራሲኤላ ከሆስፒታል ደውለው መርዶውን ነገሩን።

«ለኑቢያ እንደውልላት?»

«የለም! እየነዳች አይሆንም። ቆማ ትስማ» አሉን እያለቀሱ።

ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ኑቢያ መሰብሰቢያው ደርሳ መኪናዋን አቁማ፣ «ደርሻለሁ፤ አባዬ እንዴት አደረ?» ስትል ነው የነገርናት።

ለዶኛ ግራሲኤላ፣ ለቤተሰቡና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ኑቢያ፣ አንቺ ሳታውቂ እኛ ያወቅንበት ያ ሁለት ሰዓት በጣም ከብዶን ነበር፤ ይቅር በይን። እናትሽ ግን ለቅሶ የተቀመጡት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።